የሙት ቃልና የሕያዋን አደራ

ሰው በሕይወቱ ሳለ በገንዘቡ ላይ ጌታ እንደ ሆነ ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ገንዘቡን ለሕዝብ ሰጥቶ ከሞተ በኋላ «እንዲህ አድርጉት፤ እንዲህ አታድርጉት» ብሎ የተወው ቃል በሕይወት ያሉትን እስከ መቼ ያስራቸዋል? ይህ ጥያቄ ለዳኞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ አደራ የተቀበለ ሰው ሁሉ ሊመረምረው ይገባል። ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በአሜሪካ የሚገኙትን ሁለት የሥዕል ቤቶች እንመልከት፤ ዘመኑንም በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

በቦስተን ከተማ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር የተባለች ባለጸጋ ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1865 ሞተባት፤ ባሏም በ1898 ዐረፈ። እርስዋም የሰበሰበቻቸውን ሥዕሎች የምታኖርበት ቤተ መዘክር አሠርታ በ1903 ከፈተችው፤ በበሩም ላይ «ደስታዬ ነው» የሚል ቃል በፈረንሳይኛ አስቀረጸች። በ1924 ስትሞት ቤቱን ከነዕቃው ለሕዝብ ትምህርትና ደስታ ለዘለዓለም ተወችው። ነገር ግን በኑዛዜዋ ብርቱ ማሰሪያ አኖረች፤ ይኸውም ባለአደራዎቹ የዕቃውን አቀማመጥ የለወጡ እንደ ሆነ ሁሉም ተሽጦ ገንዘቡ ለሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ነው።

በማርች 18 ቀን 1990 ሌሊት ሁለት ሰዎች የፖሊስ ልብስ ለብሰው ገቡና 13 ዕቃዎች ዘረፉ። ከነዚህም አንዱ ሬምብራንት በ1633 የሣለው፥ ደቀ መዛሙርት በገሊላ ባሕር በማዕበል ሲጨነቁ የሚያሳየው ሥዕል ነበረ። ሌቦቹ ከክፈፉ ቈርጠው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ባዶው ክፈፍ ግን በቦታው ተሰቅሎ ባለቤቱን እንደሚጠብቅ ደጅ ይታያል።

ሁለተኛው ቤት አልበርት ባርንስ የተባለው ሐኪም በ1922 በፊላዴልፊያ አጠገብ በሜሪየን ያቋቋመው ነው። ይህ ሰው በመድኃኒት ንግድ ከብሮ የረንዋርን ሥዕሎች ብቻ 181 ያህል ሰብስቦ ነበር፤ ሥዕሎቹም ከተሰቀሉበት እንዳይነሡ፥ በውሰትም እንዳይሰጡ አዘዘ። በ1951 ከሞተ በኋላ ግን ቤቱ እየዋለ እያደረ በገንዘብ ችግር ተያዘ። በ2004 ዳኛ ፈቀደና ሥዕሎቹ ወደ ከተማው ተዛወሩ፤ በ2012 የተከፈተውም አዲስ ቤት የቀድሞዎቹን ክፍሎች ስፋትና የሥዕሎቹን አሰቃቀል እንደ ነበረ ጠብቋል።

አንዳንድ ሰዎች «ሙት አያይም፤ አይጐዳም፤ ስለዚህ ለሕያዋን የሚበጀው ይደረግ» ይላሉ። በእውነትም ሰጪው እጁን ከስጦታው ላይ ካላነሣ ሰጠ ለማለት ያስቸግራል፤ «ደስታዬ ነው» የሚለው ቃልና «ለሕዝብ» የሚለው ቃል እርስ በርሳቸው አይስማሙም ይሆናል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ማሰሪያው የከበደው ተቀባይ «ይህ አይሆንልኝም» ማለት የሚገባው ሲቀበል ነው እንጂ የሰጪው አፍ ከተዘጋ በኋላ አይደለም። ሕያው ባለዕዳውን ይከሳል፤ ሙት ግን ከሳሽም ምስክርም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ለእርሱ የገባነው ቃል ጠባቂው ኅሊናችን ነው፤ የሰውም እምነት የሚመዘነው ማንም በማይጠይቀው ዕዳ ነው።

ይህን ስንል ግን ፊደሉን ጠብቀን ነገሩን እናጥፋ ማለታችን አይደለም። የሰጪው ትእዛዝ ስጦታውን ራሱን የሚገድል በሆነ ጊዜ ባለአደራው አሳቡን ለማዳን ቃሉን ሊያላላ ይችላል፤ ይኸውም በስውር ሳይሆን በዳኛ ፊት፥ ሌላው መንገድ ሁሉ ተፈልጎ ከታጣ በኋላ ነው። ለድካም ወይም ለትርፍ ሲባል የሚደረግ ለውጥ ግን የሌሊቱን ሌብነት በቀን ብርሃን መድገም ነው። የባርንስ ባለአደራዎች ከሁለቱ በየትኛው እንደሚቈጠሩ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክሩም መልካም ነው፤ የሙትን ነገር የሚሟገትለት ሰው እንዳልጠፋ ያሳያልና።

ለሰጪዎችም አንድ ምክር አለን። የሚመጣውን ዘመን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንግዲህ የምትሰጡበትን ምክንያት አጥብቃችሁ ጻፉ፤ የሚስማሩን ቦታ ግን ለሚያምኑት ሰው ተዉለት። ተቀባዩም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሸክሙን ይመዝን።