ለፕላስቲክ «አይዞሽ» ማለት

የማስተምረው አዋላጅነት ነው። በስኪል ላባችን፣ በልምምድ ክፍላችን፣ ከወገብ በታች ብቻ የሆነ የማዋለጃ ሞዴል አለ። ተማሪዎቼ ከመንካታቸው በፊት «አይዞሽ እናቴ፣ አሁን ልመረምርሽ ነው» እንዲሉት አደርጋለሁ። ብዙዎቹ ያፍራሉ። አንዱ በግልጽ ጠየቀኝ፦ «ሲስተር፣ ልቤ የሌለበትን ርኅራኄ በአፌ ማለት ግብዝነት አይሆንብኝም?»

የእምነት ጥያቄ ነውና አክብሬ ሰማሁት፤ አልተስማማሁም እንጂ። ግብዝነት የሚታለል ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ክፍል የሚታለል የለም። በሁዳዴ ስንሰግድ ጉልበታችን ልባችንን ጠብቆ አይታጠፍም። አካል ይቀድማል፣ ልብ ይከተላል፤ አንዳንድ ቀን ሳይከተልም ይቀራል፣ ስግደቱ ግን አይቀርም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድካም ርኅራኄን ሲያደርቀው ከአፍ የሚወጣው የለመደው ቃል ነው። ምጥ ለያዛት ሴት ያም ትልቅ ነገር ነው።

የፍትሕ ነገርም አለ። ያልለመደ እጅ የሚለማመደው በማን ገላ ላይ ነበር? «ተማሪ አይንካኝ» ማለት እንደምትችል ማንም ባልነገራት ድሃ ወላድ ላይ። ፕላስቲኩ ይህን ሸክም ቢያንስ በከፊል ያነሳላታል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለአራሶች የትንፋሽ እርዳታ ሥልጠና የመጣ ኒዮናታሊ የሚባል የሕፃን አሻንጉሊት አለ። ለብ ያለ ውሃ ሲሞላ የአራስ ክብደት ይይዛል። ልቅሶው፣ ትንፋሹና የእትብቱ ምት በቱቦ ከተያያዙ ትንንሽ የጎማ ፊኛዎች ይመጣሉ፤ ፊኛዎቹን የምጨምቀው እኔ ነኝ። ተማሪው በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ ወርቃማዋ ደቂቃ በምንላት፣ ሕፃኑን አድርቆ፣ አነቃቅቶ፣ አምቡ ባግ በሚባለው በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት አየር እየሰጠ ደረቱ ከፍ ማለቱን ያያል። በትክክል ከሠራ አስለቅሰዋለሁ። ሁልጊዜ ግን?

አሻንጉሊቱ መሞት የለበትም የሚሉ መምህራን አሉ፤ የተማሪው ልብ ይሰበራል፣ ትምህርቱም ይጠፋዋል ብለው። ለጀማሪ እውነታቸውን ነው። ሊመረቅ ለደረሰ ግን ሁሌ የሚነቃ ሕፃን መስጠት፣ በትክክል የሠራ ሁሉ ያድናል ብሎ መዋሸት ነው። እዚያ ክፍል ውሸት ካለ እሱ ነው። ነፍስ የእግዚአብሔር ናት እያልን፣ በልምምዱ ግን ሁሉ በእጃችን እንደሆነ እናስተምራለን። ስለዚህ ሕፃኑ ላይነቃ እንደሚችል አስቀድሜ እነግራቸውና አንዳንዴ ፊኛውን አልጨምቅም። ከዚያ እናቲቱን ሆና ለተቀመጠችው ጓደኛቸው መርዶውን መንገር አለባቸው። ቆመው ስለ ኦክስጅን ማብራራት ይጀምራሉ፤ አስቆማቸውና «መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጡ» እላለሁ። ቀጥሎ የምናደርገው ውይይት ከልምምዱ ይረዝማል፤ አሳጥሪው ብባልም አላሳጥረውም።