ራስን መግዛት፦ ከአለቱ የምንማረው



ቅዱስ ጳውሎስ የመንፈስን ፍሬዎች ሲዘረዝር (ገላ. 5፥22-23) ፍቅርን በመጀመሪያ፣ ራስን መግዛትን በመጨረሻ ያስቀምጣል። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ራሱን ያልገዛ ሰው ራሱን ለሌላው ሊሰጥ አይችልምና።

የዚህን በጎነት ዋጋ የተረዱ ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። ከጌታ ልደት አምስት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በቻይና የኖረው ኮንፊሽየስ፣ ሰው ወደ ፍጹም በጎነት የሚደርሰው ራሱን አሸንፎ ወደ ሥርዐት ሲመለስ መሆኑን፣ ይህም በሚያየው፣ በሚሰማው፣ በሚናገረውና በሚያደርገው ሁሉ እንደሚፈተን አስተምሯል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር እንደማትንቅ አስታውቋል።

እኛ ግን ሩቅ ሳንሄድ ይህን ትምህርት በላስታ እናገኘዋለን። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚጸልዩባቸው ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠሩ አይደሉም፤ ከአለቱ የማያስፈልገው እየተነሣ የተገኙ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈለ ጠራቢ አብዝቶ የቆረጠውን መልሶ ሊተክለው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ብርታቱ በመምታት ብቻ ሳይሆን እጁን በመግታትም ታየ። በጎነትም በነፍሳችን ላይ እንዲህ ይሠራል።

ወሎ በጾምና በረሃብ መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ ጾመኛ አልነበረም፤ እንጀራ ያጣ ነበር። ረሃብ ያለ ፈቃድ ይመጣል፤ ጾም ግን ፈቃድ ነው። እንግዲህ ከማዕዳችን የቀነስነው ለተራበው ካልደረሰ፣ ቁጠባ እንጂ ጾም አይሆንም። በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ቅዱስ ልዮንም ጾምን ከምጽዋት ሳይለይ ሰብኳል።

ከሆድ ይልቅ አንደበትን መግዛት ይከብዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ላሊበላ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ሐዘን በገባበት ቤት የበቀል ቃል ቶሎ ይወጣል፤ ነገር ግን በቍጣ የተነገረ ቃል አብዝቶ እንደተቆረጠ አለት ነው፤ አይመለስም። ይህን ስንል የተበደለ ዝም ይበል ማለታችን አይደለም። ፍትሕን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ራሱን የገዛ ሰው ግን ፍትሕን ሲጠይቅ የበዳዩን ልጅ አይጠላም።

መምህራን ሆይ፣ ሕፃናትን ጾም ስታስተምሩ ከምን ምግብ እንደሚከለከሉ ብቻ ሳይሆን የማንን ስም በክፉ ከማንሣት እንደሚከለከሉም ጠይቋቸው። እኛም አስቀድመን እንመልስ።

ስለ እኛ ራሱን ባዶ ያደረገ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ይርዳን፤ አሜን።