ዝናቡ የማን ነው፣ ግድቡስ?

ግድብ ተደርምሶ ሰው ሲያልቅ ከሐዘንተኛው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ «ከእግዚአብሔር የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ነው። ቃሉ ያጽናናል፤ በዚህ ሐዘንተኛውን የሚነቅፍ ሰው አንጀት የለውም። ያንኑ ቃል የግድቡ ባለቤት ወይም የከተማው ውሃ አገልግሎት ኃላፊ ሲናገረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐዘንተኛው ልቡን ለፈጣሪ ይሰጣል፤ ኃላፊው የሚያስረክበው ዕዳውን ነው። ለከተማ መጠጥ ይሆናል ብሎ ከሰው ቤት በላይ ውሃ ያቆረ ሁሉ፣ ያ ውሃ ሲያመልጥ የእግዚአብሔርን ስም ለመጥራት የሚበቃው የራሱን ድርሻ ፈጽሞ ሲገኝ ብቻ ይመስለኛል። ሳይፈጽም ከጠራው ስሙን በከንቱ ጠርቷል።

በእንግሊዝ አገር ከሸፊልድ ከተማ በላይ የተሠራው የዴል ዳይክ ግድብ የደረሰበትን እንመልከት። አንድ የውሃ ኩባንያ ለከተማዋ ውሃ ለማቅረብ ያሠራው፣ ቁመቱ 29 ሜትር ገደማ የሆነ የአፈር ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1864፣ ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ሠራተኛ በግድቡ ቁልቁለት ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየ። መሐንዲሱ ከከተማ ተጠርቶ በሌሊት ደረሰ። ቫልቮቹ ተከፈቱ፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻ በባሩድ አፍርሶ ውሃውን ለማጉደል ተሞከረ፤ አልሆነም። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ግድቡ ሄደ፤ ቢያንስ 240 ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ በተኙበት። ኩባንያው ያስመጣቸው መሐንዲሶች በኋላ «የተራራው መሬት ተንሸራትቶ ነው» አሉ። የሟቾችን ጉዳይ የመረመረው ሸንጎ ግን ሥራው የሚጠይቀው ሙያና ጥንቃቄ አልተደረገለትም ብሎ ፈረደ፤ መንግሥትም እንዲህ ያሉ ግድቦችን የሚቆጣጠርበት ሕግ እንዲያወጣ ጠየቀ። ሕጉ የወጣው በ1930 ነው። እስከዚያ 66 ዓመት አለፈ፤ በ1925 ደግሞ በዌልስ ዶልጋሮግ 16፣ በስኮትላንድ ስኬልሞርሊ 5 ሰዎች ግድብ ፈርሶባቸው ሞቱ። በዚያ ሁሉ ዘመን ዝናቡን የሚያዘው ፈጣሪ ነው። ሕጉን ያዘገየው ግን እርሱ አይደለም።

አደጋ ሲደርስ ማን ይጠየቃል የሚለውን ጥያቄ ወንጌል ራሱ አንሥቶታል፤ ያነሣውም ከውሃ አጠገብ ነው። ሰሊሆም ንጉሥ ሕዝቅያስ ዐለት አስፈልፍሎ የግዮንን ምንጭ ወደ ኢየሩሳሌም ያስገባበት መጠመቂያ ነው። በዚያ የነበረ ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ገደለ፤ ሉቃስ በምዕራፍ 13 ጽፎታል። ጌታ ስለ ሟቾቹ ሲናገር ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ገልጿል፤ ወዲያውም ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ንስሐ እንዲገቡ አስጠነቀቃቸው። የዚህ ንግግር አቅጣጫ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። የሞተውን ሰው መዝገብ ዘግቶ የቆመውን ሰው መዝገብ ይከፍታል። ከአደጋ በኋላ «ምን ቢበድሉ ነው?» የሚል ሰው ጥያቄውን ወደ ሟቾች ይልካል፤ ወንጌሉ ግን ጥያቄውን ለቆሙት ይመልሳል። ግድብ ከሆነ ነገሩ፣ ከቆሙት መካከል ቫልቩን የሚጠብቁት አሉ።

«ያለ ፈቃዱ ቅጠል አትወድቅም፤ ታዲያ ግድብ እንዴት ያለ ፈቃዱ ይወድቃል?» የሚል አማኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም ይህን አልክድም። ነገር ግን ያው ሁሉን የሚያዝ አምላክ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላ ሰው በሬ ቢገባበት እንዲከፍል አዟል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነግሮታል። በሬው የገባው፣ ሰውየውም የወደቀው ቀኑ ደርሶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሕጉ ይህን አላለም፤ ክዳኑ የት አለ፣ መከታውስ የት አለ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የእግዚአብሔር ሉዓላዊነት የሰውን ተጠያቂነት የሚሽር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ትእዛዛት ባልተጻፉ ነበር።

የዓለም ፍርድ ቤቶችም በዚሁ ተፈትነዋል። በ1868 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ራይላንድስና ፍሌቸር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ቢያመልጥ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ለጥቅሙ ሲል በመሬቱ ላይ ያከማቸ ሰው አደጋውን በራሱ ላይ ወስዶ መጠበቅ አለበት አለ፤ ክርክሩም በአንድ ማጠራቀሚያ ውሃ ላይ ነበር። ይሁንና ሕጉ አንዲት በር ክፍት ተወ፤ ስሟም «የእግዚአብሔር ሥራ» ነው። በዚህች በር ምን እንደሚያልፍ በአሜሪካ ጆንስታውን ታይቷል። ከከተማዋ በላይ ያለውን የሳውዝ ፎርክ ግድብ የሀብታሞች የመዝናኛ ክለብ ገዝቶት ነበር። የታችኛው ማስወጫ ቧንቧዎች ቀድሞ ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ክለቡም መልሶ አልተከላቸውም። ሠረገላ እንዲያሳልፍ የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ የብረት መረብ ተተከለ፤ መረቡም ጎርፉ ያመጣውን ግንድና ቆሻሻ ይዞ ቀረ። በሜይ 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ግድቡ ፈርሶ 2,209 ሰዎች አለቁ። በፍርድ ቤት ከክለቡ ካሳ ያገኘ ሰው አልነበረም። ዝናቡ በእርግጥ ከሰማይ ወርዷል፤ መረቡን ግን የተከለው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከማርብ ይመጣል። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ የየመንን ታላቅ የማርብ ግድብ ያፈረሰውን ጎርፍ ከአምላካቸው ዞር ላሉ ሰዎች የመጣ ቅጣት አድርጎ ይተርከዋል። እንግዲህ የግድብ መፍረስ የፈጣሪ ፍርድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው? ለሚያምንበት ሰው ይህ ከላይ የተነገረ ቃል ነው፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ነቢይ አይደለም፣ በራሱ ግድብ ላይ ያንን ፍርድ ሊያነብብ ሥልጣን የለውም። ከዚህም በላይ ያው ግድብ ሌላ ምስክር አለው። ከአክሱም ሠራዊት ወጥቶ የመንን የገዛው ክርስቲያኑ አብርሃ በ548 ገደማ ግድቡን አስጠግኖ በድንጋይ አስጽፏል። ጽሑፉ በአምላክ ስም ይጀምርና ለሠራተኞቹ የቀረበውን ዱቄትና የታረደውን ከብት እስከ መቁጠር ይደርሳል፤ በመካከሉ ወረርሽኝ ገብቶ ሠራተኞቹ እንደተለቀቁም ይናገራል። ጸሎቱና የስንቁ ሒሳብ በአንድ ድንጋይ ላይ ናቸው። ለተሰጠ ውሃ ማመስገን ግድቡን መጠገንን እንደሚጨምር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለመሆኑ የሰው ድርሻ የሚባለው ምንድን ነው? የአፈር ግድብን በዋናነት የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውሃ በአናቱ ላይ መፍሰሱና በሆዱ ውስጥ መስረጉ። የመጀመሪያውን የሚከለክለው ያልተደፈነ፣ ቁጥቋጦ ያልበቀለበት፣ በቂ ስፋት ያለው ማስተንፈሻ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው። ከአፈር ግድብ ግርጌ ውሃ መንጠብጠቡ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ጠብታው የጠራና መጠኑ ያልተለወጠ ከሆነ ግድቡ እየተነፈሰ ነው። የደፈረሰ ዕለት ግን ውሃው የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ሰዓትና በየሳምንቱ ወርዶ የሚያይ፣ ያየውንም በደብተር የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው፤ ደብተሩም የሚያስፈልገው ፈገግታው እንዳያታልለን ነው።

«ድሃ ከተማ ነን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ለማግኘት የሚታገል ሕዝብ ስለ ግድብ ደኅንነት ሊጨነቅ አይችልም» የሚለው መከራከሪያ ከሌሎቹ ሁሉ ልብ ይነካል። መልሱ ግማሹ ቀላል ነው፦ ማየትና መጻፍ ብዙ ብር አይጠይቅም። ግማሹ ግን ያማል። ማስተንፈሻን ማስፋት ብዙ ሚሊዮን ብር ይጠይቃል፤ ብሩ እስኪገኝ ያለው ምርጫ የውሃውን ከፍታ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ ማለት በበጋ ከተማው የባሰ ይጠማል። እውነተኛው የሃይማኖት ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከግድቡ የሚጠጣውና ከግድቡ በታች የሚተኛው አንድ ሰው አይደለም። ጠጪው በቧንቧ የሚያገኝ የከተማ ነዋሪ ነው፤ ከታች ያለው ምናልባት ቧንቧ ያልደረሰው፣ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ገበሬ ነው። ከተማው ጉድለቱን እያወቀ ግድቡን እስከ አፉ ሲሞላ፣ ሳይጠይቀው በዚያ ገበሬ ሕይወት ቁማር እየተጫወተ ነው፤ ጥማቱ እውነተኛ መሆኑም ይህን መብት አይሰጠውም። ስለዚህ የከፍታው መጠን በሚወሰንበት ስብሰባ ገበሬው ራሱ ሊቀመጥ፣ ደብተሩም ለእርሱ ሊነበብለት ይገባል፤ ጠብታው ደፍርሶ ከተገኘም ማንን ጠርቶ ቫልቩን እንደሚያስከፍት ከክረምት በፊት ማወቅ አለበት።