አሜን ማለት ውሸት ነውን?

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ቢቸና ነበርሁ። ወረርሽኙ ከየዩኒቨርሲቲው በትኖን ሁላችንም እናታችን ቤት ከትመናል። ፀሐይ እንደምትጋረድ በሬዲዮ ተነግሯል፤ ጥላው ከወለጋ ተነሥቶ ጎጃምን አቋርጦ ወደ ላሊበላ ይሄዳል ተብሏል። እኔም ዐዋቂ ነኝና ካርቶን በመርፌ በስቼ ግቢ ውስጥ ተገተርሁ።

ወደ 2 ሰዓት ሲቃረብ ብርሃኑ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ ዶሮዎቹ ወደ ቆጡ ሊወጡ ቃጣቸው። ካርቶኔ አላስፈለገም። ከወይራው ሥር፣ በቅጠሉ መኻል ሾልኮ የወረደው ብርሃን መሬቱ ላይ መቶ ትንንሽ ማጭድ ሆኖ ተረጭቷል። አያቴ ያንን አየችና ነጠላዋን አጣፍታ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ትል ጀመር። «በል አንተም በል እንጂ!» አለችኝ። አልሁ። ኋላ ስትመርቀኝም አሜን አልሁ። እምነቴን ከተውሁ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እሷ አታውቅም።

ማታ ሞጣ ላለው የዶርም ጓደኛዬ በስልክ አጫወትሁት። «ፈሪ!» አለኝ። «ጨረቃ በፀሐይና በመሬት መካከል አለፈች፣ አለቀ። ሰዓቱ አስቀድሞ ለታወቀ ነገር ማንን ነው የምትማጸነው? ሴትዮዋን እያታለልካት ነው።»

እኔን የባሰ ያስጨነቀኝ ግን የማግስቱ ነገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ የሰፈራችን መሪጌታ «ለመሆኑ በምን አወቁት?» ብለው ጠየቁኝ። ተንተባተብሁ። እሳቸው በጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር፦ 5500 እና 2012፣ 7512፤ ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበር 6። ስድስት ጊዜ 11፣ 66፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 6። መጥቅዕ 24። ወሩንና ቀኑን ጨመሩበትና «ይኸው፣ ትናንት ጨረቃ የምታልቅበት ቀን ነበር፤ ፀሐይ የምትጋረደው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ሰዓቱን ግን የኔ ቍጥር አይደርስበትም» አሉ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ያሰላው አማኙ፣ በሰሚ ሰሚ ያመነው ደግሞ ሳይንስ አለኝ ባዩ!

ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ሬዲዮው ያለው ሰዓት ባይደርስ ኖሮ ሬዲዮውን ትተወው ነበር። አያትህስ የለመነችው ባይሆን ጸሎቷን ትተዋለች?» እውነቱን ነው። ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ዛሬም የለኝም። ደብተራዬን ዘግቼ እንድተኛ ያደረገኝም ይኸው ነው።

አያቴን ጠይቄያታለሁ። «ሰዓቱ ከታወቀ መለመን ምን ያደርጋል?» ብላት «ሰው እንደሚሞትስ አይታወቅም? ታዲያ ለቅሶ ልንቀር ነው?» አለችኝ። ለካ ፀሐይን ለማስለቀቅ አልነበረም። በታላቅ ነገር ፊት ዝም ብሎ መቆም ነውር ሆኖባት ነው። ያንንማ እኔም ከወይራው ሥር ተሰምቶኝ ነበር፤ ቃሉ ብቻ ጠፋብኝና የሷን ተዋስሁ።

ስለዚህ እግዚኦው አያሳፍረኝም። አሜኑ ግን ሌላ ነው። ምርቃት ስጦታ ነው፤ አልቀበልም ማለት ብልግና ነው፣ እሺ። ነገር ግን እሷ የምትመርቀው የሚያምነውን ልጅ ነው። እኔ በዚያ ልጅ ስም እየተቀበልሁ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ልነግራት ቆርጬ ቢቸና ወረድሁ። ሦስተኛውን ቡና ቀዳችና እጄን ይዛ መረቀችኝ። አሜን አልሁ።