ሒሳብ የማይጠየቅበት ማዕድ

በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የልጆቼ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ባለቀ ማግስት፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወረድሁ። ያረፍንበት ሆቴል ትንሽና ጸጥ ያለ ነበር። በግራር ጥላ ሥር የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች፣ አንድ የምግብ አዳራሽና አሸዋማ ዳርቻ ያሉት፣ ሙዚቃ የማይጮኽበት ስፍራ ነው። መኝታው፣ ቁርሱ፣ ምሳው፣ እራቱ፣ ሻይና ለስላሳው ሁሉ ተደምሮ የሦስቱ ቀን ሒሳብ ገና አዲስ አበባ ሳለን ተከፍሎ አልቋል። ስለዚህ ከደረስንበት ሰዓት ጀምሮ እስክንመለስ ድረስ ሒሳብ የሚባል ወረቀት በፊታችን አልቀረበም። «ሁሉን ያካተተ» የሚባለው ዐይነት መስተንግዶ ነው።

እናቴ ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። አብዛኛውን ዘመኗን የኖረችው ካዛንቺስ ሲሆን፣ ለሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ከቤታችን በእግር በሚደረስበት አንድ አነስተኛ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የእንግዶችን አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳና አጥፋ አሳደገችን። በእንግድነት ግን ሆቴል አድራ አታውቅም። በመጀመሪያው ማታ እራት በልተን እንደጨረስን ብድግ ብላ ሳህኑን መሰብሰብ ጀመረች። አስተናጋጇ ልጅ ደንግጣ፣ «ኧረ ይተዉት እማማ፣ እኔ አነሣዋለሁ» አለቻት። እናቴም ሳህኑን ሳትለቅ፣ «አንቺስ ልጄ፣ በልተሻል?» ስትል ጠየቀቻት። ልጅቱ ፈገግ ብላ፣ «እኛ በኋላ ነው እማማ፤ እንግዳ ሲጨርስ» ብላ መለሰች። እናቴ ተቀመጠች፤ ግን አላረፈችም። በማግስቱ ሐይቁን እያየን ሳለ፣ «ሁሉም ተከፍሏል ብለኸኛል፤ የዚህችስ ልጅ ዕረፍት እዚያ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል?» አለችኝ።

ጥያቄው ለጊዜው የእናትነት ርኅራኄ ብቻ መስሎ ታየኝ። እያደር ግን ልሸሸው የማልችል የግብረ ገብ ጥያቄ ሆነብኝ። «ሁሉን ያካተተ» ስንል «ሁሉ» የሚለው ቃል ማንን ማንን ይጨምራል? የአንዱ ዕረፍት የሌላው ድካም ከሆነ፣ የሚያርፈው ሰው ለሚያገለግለው ሰው ያለበት ዕዳ በገንዘብ ብቻ ተከፍሎ ያልቃልን?

የዚህ ዐይነቱ መስተንግዶ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ዤራር ብሊትዝ የተባለ ቤልጂጋዊ በስፔን ማዮርካ ደሴት የድንኳን መንደር ተከለ፤ ድርጅቱም ክለብ ሜዲቴራኔ ይባላል። እንግዳው አስቀድሞ ከከፈለ በኋላ ስለ ገንዘብ ማሰቡን እንዲተው ይፈለጋል፤ ቆየት ብሎም የመጠጥ ዋጋ የሚከፈለው በአንገት በሚንጠለጠል ጨሌ እንዲሆን ተደረገ። ይህ አሠራር ዛሬ እጅግ ከተስፋፋባቸው ስፍራዎች አንዱ የካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ናቸው። በነዚያ ደሴቶች ግን ምድሩ የራሱ ትዝታ አለው፤ ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ቅድመ አያቶቻቸው ሸንኮራ በቆረጡበት አፈር ላይ ትሪ ተሸክመው ያስተናግዳሉ። የአንቲጓ ተወላጅ የሆነችው ደራሲ ጃማይካ ኪንኬይድ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው «ትንሽ ስፍራ» በተሰኘው መጽሐፏ ጎብኚውን ፊት ለፊት የሞገተችው በዚሁ ጉዳይ ነው። ከላንጋኖ እስከ አንቲጓ ያለው ርቀት ብዙ ቢሆንም፣ ከትሪው በስተጀርባ የሚቆመው ሰው ጥያቄ አንድ ነው።

ይህን የምለው መስተንግዶውን ለማጥላላት አይደለም። ያሳለፍናቸው ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። የላንጋኖ ውኃ ቀለሙ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ ስለሌለበት ልጆቼ ያለ ሥጋት ሲዋኙ ዋሉ፤ ባለቤቴም ከወራት በፊት የጀመረችውን መጽሐፍ ጨረሰች። ሒሳብ አለመጠየቅም በራሱ ነፍስን የሚያሳርፍ ነገር አለው፤ ከሀገራችን ጥንታዊ የእንግዳ አቀባበል ጋር ይመሳሰላልና። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣ «ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ነውር ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በእንግድነት ሒሳብ የማይጠየቀው ዝምድናው ገና ስለሚቀጥል ነው፤ የዛሬው እንግዳ የነገ አስተናጋጅ ነውና። በሆቴሉ ግን ሒሳብ የማይጠየቀው ዝምድናው ከመጀመሩ በፊት ተከፍሎ ስላለቀ ነው።

ይህን ልዩነት ሳሰላስል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያደግሁበት ግቢ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። የሚያሠራው ድርጅት ስም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ስለነበር «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ካዛንቺስ ወጣ። ለገዢዎች ማረፊያ የታሰበው ሰፈር ከነጻነት በኋላ የልዩ ልዩ ሰው መኖሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን ሆቴል በአቅራቢያችን ሲሆን፣ መዋኛው ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውኃ እንደሚሞላ እንሰማ ነበር እንጂ ገብተን አላየነውም። ዕረፍት ማለት ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ከአጥር ማዶ ያለ ነገር ነበር። የእኛ ግቢ ዐሥር ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት፣ ጣራው በክረምት የሚያፈስ፣ ቡናው ግን በየተራ የሚፈላበት ነበር። ልጅ በደረሰበት ቤት ይበላል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ እናቴም ከከተማዋ ዳር ወደሚገኝ የጋራ መኖሪያ ቤት ገባች። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ላንጋኖ የወሰድኋት በበዓል የምንሰበሰብበት ግቢ ስላልነበረን ነው። ያጣችውን ማዕድ ለሦስት ቀን በገንዘብ ልገዛላት አስቤ ነበር።

ታዲያ ያንን ግቢ እንደ ገነት አድርጌ ስተርክ እናቴ አቋረጠችኝ። «ያኔስ ቢሆን ማን ነበር የሚቀመጠው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወንዶቹ ወግ ይይዛሉ፣ እኛ ልጆቹ እንበላለን፤ እናቴ ግን አንሶላ ስታጥብ ውላ መጥታ ከሰል ታያይዛለች፣ ታቀርባለች፣ ታነሣለች፤ የራሷን ጉርሻ በጓዳ ቆማ ትጎርሳለች። በልጅነቴ ሒሳብ የማይጠየቅበት ይመስለኝ የነበረው ማዕድ ሒሳቡ በየዕለቱ ይከፈል ነበር፤ ከፋይዋን ማየት ተሳነኝ እንጂ። እንግዲህ ጥፋቱ የሆቴል ብቻ አይደለም። ገበያው የሸሸገውን ዕዳ ቀድሞ ባህላችንም ሸሽጎት ኖሯል። እናቴ የአስተናጋጇን ድካም በአንድ አፍታ ያየችው ያው የራሷ ስለሆነ ነው።

ስለ ዕረፍት የተደነገገው ጥንታዊ ሕግ ይህን ነገር አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በኦሪት ዘፀአት የሰንበት ትእዛዝ ባለቤቱን ብቻ ዕረፍ ብሎ አይተወውም፤ ሎሌውንና ገረዱን፣ ከብቱንና በደጁ ያለውን መጻተኛ ሳይቀር ይቆጥራል። በሀገራችንም ስለ ዕረፍት ቀን ትልቅ ክርክር ተደርጓል። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ተሰደው በአርመን ሀገር ዐረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። በዘመናችን እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ዕረፍትን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሳምንቱም ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል። ከዚህ አንፃር ሲታይ ዕረፍት ገንዘብ ያለው የሚገዛው ሸቀጥ ሳይሆን በተራ የሚዳረስ የጋራ ሀብት ነው።

እዚህ ላይ «እናንተ ባትሄዱ ልጅቱ እንጀራዋን ታጣ የለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። በጸጸት ተውጦ ሐይቁን አለማየት ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ጸጸት ራሱ የጠገበ ሰው ምቾት ሊሆን ይችላል። ጉርሻ መስጠትም ደግ ቢሆን ጥያቄውን አይዘጋም። የሚፈለገው ቆጠራውን ማስፋት ነው። አስተናጋጇ የምትበላበት ሰዓት፣ የምትቀመጥበት ወንበር፣ የዓመት ፈቃዷ፣ በእሱም ከእናቷ ጋር አንድ ሐይቅ ዳር ለመዋል የሚበቃ ደመወዟ፣ እነዚህ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው። «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ ማረፊያዎች ተሠርተዋል። ገበታ የሚለው ስም ራሱ አደራ አለበት። ገበታው የሀገር የሚሆነው ያቀረበውም ሰው ተራው ሲደርስ ሲቀመጥበት ነውና። መምህሩ ይህን ለተማሪው፣ ኃላፊው በእቅዱ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም በመድረኩ ሊያነሡት የሚገባ ነገር ነው። እኔም እስከ ዛሬ በጻፍኋቸው ተውኔቶች ውስጥ ሻይ አቅርባ የምትወጣ ሴት እንጂ ሻይ የሚቀርብላት አስተናጋጅ እንደሌለች ያስተዋልሁት ከላንጋኖ መልስ ነው።

በመጨረሻው ማታ እናቴ ከእኛ ጋር ወደ መኝታ አልገባችም። ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳ የሥራ ልብሷን እስክትቀይር በማብድ ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ከዚያም እናቴ ከቤት ይዛው የመጣችውን ቡና ከምግብ ቤት ሠራተኞቹ ጋር ሆነው አፈሉ። የቀዳችው እናቴ ነበረች፤ ልጅቱ ተቀምጣ ጠጣች። ምን እንደተጨዋወቱ አልጠየቅሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ማዕድ ሁሉን አካቷል ሲባል ስሰማ ዐይኔ የሚፈልገው የመጨረሻውን ሰው ነው፤ ተቀምጧል ወይስ ገና ቆሟል?