የአደራ ወንበር

በአይዳሆ ድንች ሲያመርቱ የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ሲያልፍ እርሻውን ለልጃቸው አስረከቡና ለአገልግሎት እንዲላኩ ለቤተ ክርስቲያናቸው ስማቸውን ሰጡ። ብዙ ሰው ሞርሞን ብሎ የሚያውቃቸው፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ለስብከት የሚወጡት ወጣቶች ብቻ አይደሉም፤ ልጅ አሳድገው የጨረሱ ጥንዶችም በራሳቸው ወጪ፣ ከ6 እስከ 23 ወር ለሚደርስ ጊዜ፣ ወደተመደቡበት ይሄዳሉ። ባልየው በወጣትነታቸው ሜክሲኮ አገልግለው ስለነበር ስፓኒሽ ያውቃሉ። ሚስቲቱ ግን በስተርጅና ከሀሁ ጀመሩ። ለ18 ወር ቺካጎ ተመደቡ፤ አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ስመው ወጡ።

ቺካጎ ውስጥ ፒልሰን የሚባል ሰፈር አለ። ይህን ስም ያወጡለት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ቼኮች ናቸው፤ ከአገራቸው ከተማ ከፕልዘን የተወሰደ ነው። ዛሬ እዚያም ሆነ ከእሱ በስተምዕራብ ባለው ላ ቪዪታ በብዛት የሚሰማው ስፓኒሽ ነው። በ26ኛው መንገድ ጎህ ሳይቀድ በበቆሎ ቅጠል የሚጠቀለለውን ታማሌ የሚሸጡ ሰዎች ጋሪያቸውን ያቆማሉ፤ ከሌሊት ሥራ የሚገባውና ወደ ቀን ሥራ የሚወጣው እዚያው ጋሪ ላይ ይገናኛል።

አዛውንቶቹ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ አስበው ወንበር ደረደሩ። ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። ይማራሉ የተባሉት ሰዎች በዚያ ሰዓት መሀል ከተማ የፎቅ ቢሮዎችን እያጸዱ፣ ወይም በምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ማስተማሩን ትተው ሰው ቤት መሄድ ጀመሩ።

ከሚሄዱባቸው ቤቶች በአንዱ አባት ምግብ አብሳይ ነው፤ እናት ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች። ካቶሊኮች ናቸው፤ የጉዋዳሉፔ ማርያም ሥዕል ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ቀን ቡና ቀረበ። እንግዶቹ በሃይማኖታቸው ቡና እንደማይጠጡ ሲናገሩ እናቲቱ ግራ ተጋባች እንጂ አልተቀየመችም፤ ከዚያ ወዲያ ሲመጡ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራውን፣ አጥሚት የሚመስለውን አቶሌ ታፈላላቸው ጀመር። ስለ ሃይማኖት የተነጋገሩት ጥቂት ነው። ስለ ልጆች ግን ብዙ አወሩ።

ቤተሰቡ የስምንት ዓመት ልጅ አለችው። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ካርተር ካወጁት ወዲህ የሠራተኞች በዓል ከሆነው ከሌበር ዴይ ቀጥሎ የሚመጣው እሑድ የአያቶች ቀን ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በዚያ ሰሞን አያቶችን ይጋብዛሉ። ልጅቷ የመጥሪያውን ወረቀት ይዛ መጣችና በእንግዳዋ ወይዘሮ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«አያት የለሽም እንዴ?»

«አለችኝ። ሚቾአካን ናት።»

በሜክሲኮዋ ሚቾአካን ግዛት የሚኖሩት የእናቲቱ እናት ናቸው። ልጃቸው ከተለየቻቸው 16 ዓመት ሆኗል፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያውቋት በስልክ መስኮት ብቻ ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ከአገር ከወጣ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ያግዳል። እናቲቱ እናቷን ላቅፍ ብትሄድ ልጆቿን ታጣለች፤ ልጆቿን ልያዝ ብትል እናቷን። ከዚህ የከፋ ሚዛን በእናት እጅ ላይ የሚቀመጥ አይመስለኝም።

ወይዘሮዋ ወረቀቱን አልተቀበሉም። «ባለቤት ባለው ወንበር እንዴት እቀመጣለሁ?» አሉ። እናቲቱ ይህን ስትሰማ ስልኳን አንስታ እዚያው ደወለች። የሚቾአካኗ አያት በመስኮቱ ብቅ አሉ፤ ፈረንጅዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው፤ ፀጉራቸውን፣ እጃቸውን፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ጥቁር የስም ሰሌዳ።

«ይቀመጡበት» አሉ በመጨረሻ። «እስክመጣ ድረስ አደራ ነው።»

እንደማይመጡ ሁሉም ያውቅ ነበር።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ አስተማሪዋ ለእያንዳንዱ አያት ስሙን የሚጽፍበትና ልብሱ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ታድላለች። ወይዘሮዋ እስክሪብቶውን ተቀብለው የሚቾአካኗን አያት ሙሉ ስም ጻፉ፤ ፊደል እንዳይስቱ ልጅቷን ሁለት ጊዜ ጠየቋት። ወረቀቱን ከጥቁሩ ሰሌዳ በላይ ለጠፉት። አስተማሪዋ በዚያ ስም ጠራቻቸው፤ እሳቸውም አቤት እያሉ፣ በትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ እስኪቃረብ ታጥፈው ተቀምጠው፣ ልጅቷ ጮክ ብላ ስታነብ አዳመጡ። ሲወጡ ወረቀቱን ሳይቀድዱ ላጥ አደረጉና ለእናቲቱ ሰጧት፤ እሷም በፖስታ ወደ ሚቾአካን ላከችው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁለቱን አረጋውያን የእኔ አላቸው። የታመመ ሲጠየቅ፣ ሕፃን ሲወለድ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ይጠሩ ነበር። እነሱ ደስ አላቸው። በሌላ በኩል አይዳሆ ያለው ትንሹ የልጅ ልጃቸው እሑድ እሑድ በስልክ ሲጠሩት ፊቱን ያዞር ጀመር። የሚስዮኑ ኃላፊ ደግሞ አምስት ወር ጨምረው 23 ይሞሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ባልየው እንጨምር አሉ፤ ሚስቲቱም እሺ ለማለት ተቃርበው ነበር።

የማይመጡት ሴት የመጡት ይሄኔ ነው። የሚቾአካን መንግሥት «መልእክተኛ ርግቦች» የሚለው ፕሮግራም አለው፤ ልጆቻቸውን ከ10 ዓመት በላይ ያላዩ አረጋውያንን ቪዛ አስወጥቶ ለጥቂት ሳምንታት ያገናኛል። አያትየዋ ዕጣው ደረሳቸው።

ወይዘሮዋ አደራውን የመለሱት በመቅረት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ወደዚያ ቤት ድርሽ አላሉም። ልጅቷ ስትደውል ራሴን አሞኛል አሉ። በሁለተኛው ሳምንት የሚቾአካኗ አያት ራሳቸው አስጠሯቸውና ከጎናቸው አስቀምጠው ታማሌ አስያዟቸው። የበቆሎው ቅጠል አንዱ ገጹ ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ ነው፤ ሊጡ የሚቀባው በልስልሱ ነው። ወይዘሮዋ ሲሳሳቱ አያትየዋ ሳይናገሩ ቅጠሉን ይገለብጡላቸዋል።

«ስንት የልጅ ልጅ አለዎት?»

«አሥራ አንድ።»

«የት ናቸው?»

«አይዳሆ።»

አያትየዋ አንድ ታማሌ ጠቅልለው ጨረሱ። «እኔን 16 ዓመት ያገደኝ ወረቀት ነው። እርስዎን ማን አገደዎት?»

«ማንም። በፈቃዳችን ነው የመጣነው።»

«እንግዲያው በፈቃድዎ ይመለሱ። ወንበሬን ጠብቀውልኛል፤ አየሁ። አሁን የራስዎ ባዶ ነው።»

ሴትዮዋ ጨክነው የተናገሩ አይመስለኝም፤ ውለታ የዘነጉም አይደሉም። መንገዱ ክፍት የሆነለት ሰው መንገዱ ከተዘጋበት ሰው ጋር እኩል ናፈቀኝ ሊል አይችልም። ይህን ለመናገር መብት ካለው ሰው ሁሉ እሳቸው ይቀድማሉ። አገልግሎቱንም አላቃለሉትም፤ ተፈጽሟል ብለው መሰከሩለት።

ባልየው በዚያው ሳምንት ለኃላፊው በ18 ወራችን እንጨርሳለን ብለው ጻፉ። አያትየዋ የቆይታቸው ሳምንታት ሲያልቁ ወደ ሚቾአካን፣ ባልና ሚስትም ቀናቸው ሲደርስ ወደ አይዳሆ ሄዱ።

በምትካቸው ከአሪዞና ሌሎች ጥንዶች መጡ። እናቲቱ ሳትጠይቅ አቶሌ አፈላች። ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና ስማቸውን እንኳ ሳታጣራ «ስንት የልጅ ልጅ ትታችሁ መጣችሁ?» አለቻቸው።

«ዘጠኝ።»

«መቼ ትመለሱላቸዋላችሁ?»

አዲሱ አዛውንት ወሩንና ቀኑን ነገሯት። እሷም ወንበር ላይ ወጥታ ኩሽናው ውስጥ በተሰቀለው ካላንደር ላይ ጻፈችው።