ውበት የተመልካቹ ነውን?

ባሕር ከየብስ ጋር የሚታገልባቸው ዳርቻዎች ብዙ ናቸው፤ ከየብስ ጋር ታርቆ የሚያርፍባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ማዕበሉ በተራራና በቋጥኝ ታቅፎ ጸጥ የሚልበት፣ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት፣ አጥማጁም ከዐውሎ ነፋስ የሚጠለልበት እንዲህ ያለው ሥፍራ ሰላጤ ይባላል። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሰላጤን መኖሪያው፣ ወደቡና ገበያው አድርጎ ኖሯል። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰላጤ ሌላ ግብር ተጨምሮለታል፤ የሚታይ ነገር ሆኗል። ዓሣ ሊያጠምድ ወይም ሸቀጥ ሊያራግፍ ሳይሆን ውሃውንና ቋጥኙን አይቶ ሊመለስ ብቻ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣው ሰው በየጊዜው በዝቷል።

ከዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሳል። ውብ ነገርን የማየት መብት የማን ነው? ማየቱ ራሱ የሚታየውን የሚያጠፋ ከሆነስ ውበትን ከሰው ዐይን መሰወር ተገቢ ነውን? ወይስ ማንም የማያየው ውበት ዋጋ የለውም?

ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የታይላንድን የማያ ሰላጤ መመልከት ይበቃል። ማያ በአንዳማን ባሕር ላይ ፊፊ ሌ በምትባል ትንሽ ደሴት የሚገኝ፣ በረጃጅም የኖራ ድንጋይ ገደሎች የተከበበ፣ አሸዋው የነጣ ሰላጤ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ‹‹ዘ ቢች›› የተባለው ፊልም በየአገሩ ሲታይ የሰላጤው ስም በዓለም ናኘ። ፊልሙ ብዙ ሰው ያልደረሰበትን ገነት ፍለጋ የሚጓዙ ወጣቶችን ታሪክ ይተርካል። ገነቱን ለካሜራ ለማሳመር ሲባል ግን የአሸዋው ክምርና የዳርቻው ተክል ተነካ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክርክሩ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት ያገኘው በ2022 ነበር።

ከፊልሙ በኋላ የጎረፈው ጎብኚ ያደረሰው ጉዳት ከዚህም የባሰ ሆነ። በአንድ ቀን እስከ 5,000 የሚደርስ ሰው በዚያች ጠባብ አሸዋ ላይ ይወርድ ጀመር። ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የገነቡትን አለት የጀልባው መልሕቅ ሰበረው፤ የዋናተኛው እግር ረገጠው። በጁን 2018 ሰላጤው ተዘጋ። ለጥቂት ወራት የተባለው መዘጋት ከሦስት ዓመት በላይ ዘለቀ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ኮራሉ በሰው እጅ እንደ ችግኝ ይተከል ጀመር፤ የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ሻርኮችም ወደ ዳርቻው ውሃ ተመለሱ። በጃንዩወሪ 2022 እንደገና ሲከፈት ሥርዓቱ ተለውጦ ነበር፤ ጀልባ በደሴቲቱ ጀርባ ይቆማል እንጂ ወደ ሰላጤው አይገባም፤ የሚገባው ሰው ቁጥር ተወሰነ፤ መዋኘትም ተከለከለ።

ልብ ሊባል የሚገባው ወደ ማያ ከመጡት ሰዎች አንዱም ሊያጠፋ አለመምጣቱ ነው። ሁሉም ሊያደንቅ መጣ። የእያንዳንዱ ጥፋት ተለይቶ ቢመዘን ሚዛን የሚደፋ አይደለም፤ ተደምሮ ግን ሰላጤ ገደለ። ‹‹እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ›› የሚለው ብሂል አንዱን እንግዳ ያስጠነቅቃል፤ እያንዳንዱ አንድ ቀን ብቻ ውሎ ስለሚሄድ፣ ነገር ግን ሰልፉ ስለማያልቅ እንግዳ የሚለው ነገር የለውም። የማያ በደለኛ ይህ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ነው።

እንግዲህ ‹‹ዐይን ይከልከል፣ ውበትም ይዳን›› ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። የሳንፍራንሲስኮ ሰላጤ ታሪክ ግን ለዚህ ድምዳሜ ተቃራኒ ምስክር ነው። ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የወርቅ ፍለጋ ዘመን ጀምሮ ያ ታላቅ ሰላጤ በአፈርና በቆሻሻ እየተደለደለ ሲሶ ያህሉን አጥቶ ነበር። በዳርቻው ያለችው የበርክሌይ ከተማም ውሃውን በመድፈን ስፋቷን እጥፍ ለማድረግ አቅዳ ነበር። በ1961 ኬይ ኬር፣ ሲልቪያ ማክላፍሊንና ኤስተር ጉሊክ የተባሉ ሦስት የአካባቢው ሴቶች ‹‹ይህስ አይሆንም›› ብለው ተነሱ። ማኅበር አቋቋሙ፤ የአባልነት መዋጮውን 1 ዶላር ብቻ አደረጉት፤ ደብዳቤ በየቤቱ ላኩ። በ1965 ሰላጤውን መድፈንን የሚቆጣጠር ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ሴቶቹን ለዚህ ያነሳሳቸው ከኮረብታው ላይ ሆነው ሰላጤውን በየቀኑ ማየታቸው ነበር። ያላዩት ቢሆን ኖሮ ማን ይሟገትለት ነበር?

ታዲያ አንዱ ዐይን አጠፋ፣ ሌላው ዐይን አዳነ ማለት ነው። ልዩነቱ ከውሉ ላይ ነው። የማያ ጎብኚ ያየውን ነገ አያየውም፤ ስለ ነገው የሚጠይቀውም የለም። የበርክሌይዋ ሴት ዛሬ ያየችውን ነገም ታየዋለች፤ ቢበላሽም ከመበላሸቱ ጋር ትኖራለች። ማየት ኃላፊነት የሚሆነው ነገ ሲታከልበት ነው።

ነገር ግን የነዋሪውም ዐይን ቢሆን የሚታለልበት ጊዜ አለ። በጃፓን የኪዩሹ ደሴት የሚናማታ ሰላጤ አጥማጆች ውሃቸውን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከዳርቻው ላይ የተተከለው የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ የተቀላቀለበት እጣቢ ሲለቅበት ግን የውሃው መልክ ውስጡን አልተናገረም። መርዙ ከዓሣው ገባ፤ ከዓሣው ወደ ድመቱ፣ ከዚያም ወደ ልጆችና ወደ እናቶች ማኅፀን ተሻገረ። ሕመሙ በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው። በ1959 የፋብሪካው የራሱ ሐኪም እጣቢውን ለድመት አብልቶ መንስዔውን ቢደርስበትም ውጤቱ ታፍኖ ቀረ። በሕግ የታወቁት በሽተኞች ብቻ ከ2,200 በላይ ናቸው። በሰላጤው አፍ ላይ የተዘረጋው የዓሣ ማገጃ መረብ የተነሳው በ1997 ነበር። ‹‹ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል›› ይባላል፤ በሚናማታ ዐይን ያላየውን ልብ ሊፈርደው አልቻለም፤ ያወቀውም አልተናገረም። ስለዚህ ውበትን መጠበቅ እውነትን ከመናገር ሊለይ አይችልም። እውነትን የደበቀ እጅ ኮራል ከረገጠ እግር የከፋ ነው።

የጥበቃው ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅም መጠየቅ ይገባል። በቬትናም የሃ ሎንግ ሰላጤ ከ1,600 ገደማ ደሴቶቹ ጋር በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቋጥኞቹ መካከል በተንሳፋፊ ቤት የሚኖሩ የአጥማጅ መንደሮች ነበሩ። በ2014 ከ300 የሚበልጡ ቤተሰቦች ወደ የብስ ተወስደው እንዲሰፍሩ ተደረገ። ምክንያቱ በጎ ነው፤ ውሃው ከቆሻሻ እንዲጸዳ፣ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያገኙ፣ ቤተሰቡም ከማዕበል አደጋ እንዲድን። ነገር ግን ከአባቱ ጀምሮ በውሃው ላይ የኖረው ሰው ሲወጣ በሚሊዮን የሚቆጠረው ጎብኚ መግባቱን አላቆመም። ባለቤቱ ወጥቶ እንግዳው የሚቀርበት ቤት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ አለበት ለማለት ግን ያስቸግራል። ጥበቃ ከደካማው ብቻ የሚቆረጥ ግብር መሆን የለበትም፤ መጀመሪያ ሊከፍል የሚገባው ለደስታው የመጣው ነው።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ ውበት የተመልካቹ ንብረት አይደለም የሚለው መልስ ጎልቶ ይታያል። ተመልካች ባለአደራ ነው፤ አደራውም ያየውን መውደድ፣ የማይታየውን መመርመር፣ ከዳርቻው የሚኖረውን ማክበር፣ ሲያስፈልግም ወደ ኋላ መመለስ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ሰው ‹‹ለማያና ለሚናማታ ምን አገባኝ?›› ይል ይሆናል። ነገር ግን ሻርኮቹ ወደ ማያ ዳርቻ ሲመለሱ ሰላጤው ለጎብኚ ዝግ ነበር። ውበቱ ያንጊዜም ነበረ፤ ምናልባትም ከቀድሞው ይልቅ ሙሉ ነበረ። በዚያ ዘመን ከሰላጤው ደጃፍ የተመለሰው መንገደኛ ያሰበውን ሳያይ ወደ አገሩ ሄዷል። ለሰላጤው ግን ካዩት ሁሉ ይልቅ የጠቀመው እርሱ ነው።